ልጄ ስንተኛ ናት?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰልፍ የሚያበላሽ ሰው ሳይ ዝም ማለት አቅቶኛል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምግብ ልናነሳ ተሰልፈን፣ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ከኋላ መጥቶ ፊቴ ሲገባ፣ «እጅህን ወደ ራስህ ሰብስብና ወደ ቦታህ ተመለስ» ብዬው ቁጭ። ሰውዬው ደንግጦ ተመለሰ። በኋላ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቅ «ተዋት፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች» አሉት አሉ። ምን ላድርግ? ዕድሜዬን የጨረስኩት ከስድስት ዓመት ሰዎች ጋር ነው።

ልጄ ነው «ማሚ፣ ጻፊው፤ አለበለዚያ ሰው ላይ ነው የምትጨርሺው» ያለኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ሁሉም ነገር ከጻፍኩ ግን አያልቅልኝም፣ ስለ ሜይ ልጻፍ። ሌላው ሰው አስተማሪን የሚያስበው በኦገስት፣ ልጆቹ አዲስ ጫማ አድርገው ሲመጡ ነው። የእኛ ሥራ የሚታየው ግን ትምህርት በሚዘጋበት በሜይ ነው። በኦገስት ጥርስ ሞልቶት የመጣው ልጅ በሜይ የፊት ጥርስ የለውም። በኦገስት የስሙን ፊደላት ገልብጦ የሚጽፈው፣ በሜይ ስለ ድመቱ ገጽ ሙሉ ጽፎ «ወረቀት ጨምሪልኝ» ይላል። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የኖርኩት ለዚያ ወር ነው ብል አላጋነንኩም።

ሥራውን የጀመርኩት ናዝሬት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጅ፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት። ሰኔ ሲመጣ እንደ ጠረጴዛ ልብስ የሚዘረጋውን ሮስተር ጠረጴዛ ላይ አንጥፌ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት ደምሬ፣ አካፍዬ፣ በመጨረሻ በቀይ እስክሪብቶ ደረጃ እጽፋለሁ። በወላጆች ቀን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ደብተር ይሸለማሉ፣ የቀረው ያጨበጭባል። ወላጅም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ስንተኛ ወጣ? ያንን ከመለስክ ጨረስክ። ያኔ ጥያቄው ከፋኝ አልልም፣ እኔም በልጅነቴ የተጠየቅኩት እሱኑ ነው።

ናዝሬትን ለቀን ናይሮቢ ከቆየን በኋላ ከባሌና ከልጄ ጋር ኮሎምበስ ስንገባ መጀመሪያ ኤርፖርት አካባቢ ሆቴል አጸዳሁ። ቀጥሎ አንድ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ገባሁና ፀጉሬ ላይ መረብ አድርጌ ድንች እጨልፍ ጀመር። እዚያ ነው አንድ አዲስ የመጣ ሀበሻ ልጅ ሰሃኑን ይዞ ሲያለቅስ አይቼ፣ ማንኪያዬን ጥዬ ሄጄ አጠገቡ የተቀመጥኩት። በማግስቱም ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን የልጁ አስተማሪ መጥታ አየችኝና፣ ወደ ኩሽናው ዞራ «ይቺን ሴትዮ ለእኔ ስጡኝ» አለቻቸው። የክፍል ረዳት ሆንኩ። ደመወዙ ከሆቴሉ ያንስ ስለነበር ባሌ «ወደ ኋላ ነው እንዴ የምታድጊው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያቺ አስተማሪ ሚስስ ሃርግሮቭ ናት። ረጅም ጥቁር አሜሪካዊት፣ እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች። ልጅ ልታናግር ስትል ሁልጊዜ ተንበርክካ በዓይኑ ልክ ትሆናለች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ልጅ ሲያነብ አጠገቡ ስትቀመጥ ደግሞ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ሥር ትቀብራቸዋለች። መጀመሪያ በርዷት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እኔ አንድ ልጅ ቃል ሲያቅተው ቶሎ ብዬ ስነግረው ሰማችኝና በኋላ ጠራችኝ። «ልጁ ቃሉን አፉ ላይ አድርሶት ነበር፣ ቀማሽው። እጅሽን ተቀመጪበት፣ እጅሽ ዝም ሲል አፍሽም ዝም ይላል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እጅ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይህ ሥራ ካስተማረኝ ሁሉ ከባዱ ነው። ልጅ አንድ ቃል ላይ ሲታገል የሚያልፈው ጊዜ ለአዋቂ ዓመት ይመስላል።

በሜይ ላይም የራሷ ሕግ ነበራት። ሌሎች አስተማሪዎች ትምህርት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ግድግዳቸውን አራግፈው ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። እሷ አንድ ወረቀት አትነካም። ግድግዳውን የሚያወርዱት ልጆቹ ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱን፣ በመጨረሻው ቀን። «ቤታቸውን እነሱ ሳያዩ አታፍርሺባቸው» ትል ነበር። በሜይ ልጆች ሲያብዱም አትቆጣም። ዓመቱን ሙሉ ጨዋ የነበረ ልጅ በሜይ ድንገት ወንበር መገልበጥ ይጀምራል። እኔ ናዝሬት ሆኜ ቢሆን ጆሮውን ይዤ ነበር። እሷ ግን «የሚበጠብጠው የሚሄድበትን ስላላወቀው ነው። ተቆጥቶ መለየት ይቀለዋል» አለችኝና ልጁን እርሳስ እንዲቀርጽላት ጠራችው። ባለፉት ዓመታት ስንት ልጅ እርሳስ እንደቀረጸልኝ አትጠይቁኝ።

ከሁሉ የምወድላት ግን ወንበሯን መልቀቋን ነው። ምንጣፉ ዳር ተረት የምታነብበት ትልቅ የእንጨት ወንበር ነበራት። ዓመቱን ሙሉ ልጅ አይቀመጥበትም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን እያንዳንዱ ልጅ በተራው ወንበሩ ላይ ወጥቶ የሚያውቀውን አንድ ነገር ክፍሉን ያስተምራል። እሷ ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ ጋር እግሯን አጣጥፋ ትቀመጣለች። መናገር ስትፈልግ እጇን ታወጣለች፣ ካልፈቀዱላት ዝም ትላለች። አንዱ ሸረሪት እንዴት እንደሚያዝ ያስተምራል፣ አንዷ የታናሽ ወንድሟን ዳይፐር መቀየር። ወላጅ ከፈለገ መጥቶ ኋላ ይቀመጣል።

እሷ ጡረታ ስትወጣ እኔ ማታ ማታ ተምሬ የማስተማር ፈቃዴን አግኝቼ ነበርና ክፍሉን ከነወንበሩ ወረስኩ። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ርእሰ መምህራን ብዙ ናቸው። አንዷ ግድግዳ ሙሉ ባለ ቀለም ቻርት ካላየች እንቅልፍ የማይወስዳት ነበረች። አንዱ ዋኪቶኪውን ከእጁ አይለይም፣ መጸዳጃ ቤት ሆኖ ሲያወራ ሰምተነው እናውቃለን። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እነሱ ይሄዳሉ፣ ሌላ ይመጣል፣ ልጁ ያው «ጫማዬን እሰሪልኝ» እያለ ይመጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ክፍሉን ከወረስኩ ብዙም ሳይቆይ ናትናኤል የሚባል ልጅ ነበረኝ፣ ናቲ እንለው ነበር። ሲመጣ አንድ ፊደል አያውቅም። በሜይ እጄ ላይ ተቀምጬ ስጠብቀው፣ ላቡ ጠብ እያለ ሙሉ መጽሐፍ አነበበልኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በዚያው ሳምንት እናቱ መጣችና በአክብሮት ቆማ «እትዬ አስናቀች፣ ልጄ ስንተኛ ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ አዲስ አስተማሪ ነኝ፣ ስልጠናው ገና ትኩስ ነው። እዚህ አገር ደረጃ የለም፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚለካው ከራሱ ጋር ነው፣ ማወዳደር ጥሩ አይደለም እያልኩ አንድ ሙሉ ንግግር አደረግኩላት። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሀበሻ ለአስተማሪ እሺ ነው የሚለው። ከዚያ «ለእረፍት ብቻ አገር ቤት ልወስደው ነው» አለችኝ።

ኦገስት ላይ ናቲ አልመጣም። ዓመት ቆይቶ እናቱን የሀበሻ ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። ልጁ እዚያው አያቱ ጋ ቀርቷል። ለምን ስላት መልሷ ዛሬም ይሰማኛል። «እትዬ፣ ደህና ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር ብዬ ነዋ።» በቃ። እኔ ንግግር ሳደርግ እሷ የሰማችው ዝምታ ነው። ልጇ መጥፎ ውጤት አምጥቶ አስተማሪዋ አዝናላት የሸፈነችላት መስሏታል። መጨረሻ የወጣን ልጅ እናት አገር ቤት እንደዚህ ነው የምናጽናናት። ያ ልጅ እዚያ ቀርቶ ጎድቶት ይሁን ጠቅሞት አላውቅም። ወላጆቹ እዚህ፣ እሱ እዚያ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ከሱቁ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ያለቀስኩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ በመጨረሻው ዓመቴ ሶልያና መጣች። አባቷ ጌታሁን የትራክ ሹፌር ነው፣ እናቷ ትዕግስት ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ቤታቸው ብሌንደን የሚባል ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ብዙም አይርቅም። ልጅቷ ኦገስትና ሴፕቴምበር አፏን አልከፈተችም። በእንግሊዝኛም በአማርኛም። መጽሐፍ ስሰጣት ገልብጣ ትይዘዋለች። ኤሚሊ የምትባል አንባቢ ልጅ አለች፣ ቁርስ እየበላች እንኳ ታነባለች። ሶልያናን ኤሚሊ አጠገብ አስቀመጥኳትና እጄ ላይ ተቀመጥኩ። ኖቬምበር ላይ የመጀመሪያዋን ቃል ሰማሁ። ኤሚሊ ገጽ ስትዘልልባት «ዌይት» አለቻት። እኔ ልሙት፣ ሰማይ የተከፈተ ነው የመሰለኝ።

በረዶው ሲጀምር ካርድ ወጣ። የእኛ ካርድ ከአንድ እስከ አራት ነው፣ አራት የበለጠው፣ አንድ የመጨረሻው። ሶልያና በንባብ ሁለት አገኘች። ከዚያ አንድ ቀን በደስታ «ዳዲ ሳይክል ገዛልኝ» አለችኝ። የገና ስጦታ ነው ብዬ «ጎሽ» ብዬ አለፍኩ። ለካ ጌታሁን ካርዱ ላይ ሁለት ሲያይ ሁለተኛ ወጣች ብሎ ነው! ወገኖቼ፣ ስቃችሁ ሳትጨርሱ ቆዩ። አገር ቤት ካርድ ላይ ብቻውን የተጻፈ ቁጥር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ለወንድሞቹ ደወለ፣ አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ደወለ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰው አቁሞ «ልጄ እኮ ሁለተኛ ናት» አለ። የካርዱን ቁጥር የሚያውቁት አንገታቸውን ነቅንቀው አለፉት፣ ከኋላው ግን ሳቁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሜይ ላይ አንድ የሚያዝንለት ሰው «ወንድሜ፣ ሁለት ማለት እኮ ዝቅተኛ ነው» ብሎ እስኪነግረው ድረስ አላወቀም።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ግዙፍ ሰው ነው። የሥራውን አንጸባራቂ ሰደርያ እንኳ አላወለቀም።

«እትዬ አስናቀች፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ ስንተኛ ናት?»

አዩልኝ የልማድን ነገር! አፌ ራሱን ችሎ «ጌታሁን፣ እዚህ እኮ ደረጃ የለም፣ እያንዳንዱ ልጅ…» ብሎ ጀመረ። መሃል ላይ የናቲ እናት ፊት ድቅን አለብኝና ቆምኩ። «ቆይ፣ ቆይ። በጣም ተሻሽላለች። ኦገስት ላይ የነበረችበትንና አሁን ያለችበትን ብታይ አታምንም» አልኩት።

«ይተዉት እትዬ። ሀበሻ ለሀበሻ ያዝናል። ሊያጽናኑኝ ነው።»

«እኔ ለማጽናናት አልዋሽም!»

«አይዋሹም፣ ይሸፍኑልኛል እንጂ» አለና ከልጆቹ ወንበሮች አንዱ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ። «ጁን ላይ ትሄዳለች። እህቴ ጋ። ትኬቷን ቆርጫለሁ፣ መሄጃ ብቻ። ትምህርት ቤቱም ተከፍሏል። እዚያ ቢያንስ ስንተኛ እንደሆነች ይነግሩኛል። እዚህ ጨዋታ ነው፤ ልጁ ቢያውቅም ጎሽ፣ ባያውቅም ጎሽ።»

«ትዕግስትስ ምን አለች?»

«ታለቅሳለች» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

እኔ ደግሞ ቶሎ የምበሽቅ ሰው ነኝ። ተነስቼ ልጮህበት ነበር። የሚገባውንም ስም ልሰጠው አስቤ ነበር። ግን የሚያምነኝ አልነበረም፤ ባደንቃት ሸፈነችልኝ ይላል፣ ብቆጣውም እውነት ብትሆን ነው ይላል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አልኩት። «ሐሙስ ተራዋ ነው፣ ክፍሉን ታስተምራለች። መጥተህ ኋላ ቁጭ በል።»

«ሐሙስ ኢንዲያና የማደርሰው ሎድ አለኝ።»

«ሎድህን እንደፈለግህ አድርገው። አንድ ዓመት ሙሉ ልጅህን ሰጥተኸኛል፣ አንድ ጠዋት ራስህን ስጠኝ።»

ሐሙስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ሶልያና ወንበሬ ላይ ወጥታ እግሯ በአየር እየተወዛወዘ ልትጀምር ስትል በሩ ተከፈተና ጎንበስ ብሎ ገባ። ትንሿ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ምንም አልቀረውም። እኔ ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ መሃል ነበርኩ።

ሶልያና ምን እንደምታስተምር ለማንም አልነገረችም። ከወንበሩ ወረደችና ሁለት ወንበር ከፊት፣ ስድስት ወንበር ከኋላ ደረደረች። ማርከስ የሚባለውን ልጅ ከፊት፣ ሌሎች ልጆችን ከኋላው አስቀምጣ ለማርከስ የወረቀት ሰሃን ሰጠችው፣ የመኪና መሪ መሆኑ ነው። የውሃ ጠርሙስ ጥግ ላይ አቆመች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ ትልቅ ትራክ እንዴት እንደሚታጠፍ አስተምራችኋለሁ። ወደ ቀኝ መታጠፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ ይወጣል» አለች። ልጆቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ሊታጠፉ ሞከሩ። የኋላው ወንበር ጠርሙሱን መታው።

«የሰው ፖስታ ሳጥን ገጨህ» አለችው ማርከስን፣ ቆጣ ብላ። «እንደገና።»

ጌታሁን አላስቻለውም። ከኋላ «መስታወት! መስታወቱን እይ በይው!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ።

ሶልያና ዞር አለች። «ዳዲ፣ ሬይዝ ዩር ሃንድ።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ምን አገባኝ? እኔም ምንጣፍ ላይ እግሬን አጣጥፌ የተቀመጥኩ ተማሪ ነኝ። ቀስ ብሎ ያንን ትልቅ እጁን አወጣ። ፈቀደችለት። መስታወት ማየት እንዳለበት በእንግሊዝኛ ተናገረ። «ጉድ ፖይንት» አለችው። ማርከስ መስታወቱን አየ፣ ሰፋ አድርጎ ወጣ፣ ጠርሙሱ ሳይነካ ታጠፉ። ጭብጨባው ለጉድ ነበር።

ሶልያና ወንበሩ ላይ ተመልሳ ወጣችና ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለች። የጌታሁን እጅ እንደገና ወጣ። ምን ሊጠይቅ እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ማስቆም ግን አልቻልኩም።

«ሁ ኢዝ ነምበር ዋን ኢን ዚስ ክላስ?» አለ።

ልጆቹ ተያዩ። ሀምዲ የምትባል ሶማሌ ልጅ፣ ሂጃቧን እያስተካከለች፣ «ነምበር ዋን በምን?» ብላ ጠየቀችው።

ይህን አላሰበበትም። «በንባብ» አለ።

«ኤሚሊ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ኤሚሊ ራሷ ቀና እንኳ ሳትል «የስ» አለች።

«በቁጥርስ?» «ጄደን!» «በሩጫስ?» «ሀምዲ!» ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው፤ ማን ጥሩ ይስላል፣ ማን ጥርሱን ብዙ ነቅሏል፣ ማን ሳይስቅ ይቆያል፣ ሁሉንም ዘረዘሩለት። እኔ ዓመት ሙሉ አላወዳድርም ስል እነሱ አንድ በአንድ ያውቁት ኖሯል! ከዚያ ማርከስ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ፣ «ሶልያና በንባብ አንደኛ አይደለችም። እሷ እኮ ላስት ነበረች» አለ።

ልነሳ ስል ጉልበቴ እንቢ አለኝ። እግዜር ነው ያሰረኝ፣ ምክንያቱም ሶልያና ምንም አልከፋትም። «አዎ፣ ላስት ነበርኩ» አለች እግሯን እያወዛወዘች። «መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ጄደንን አልፌዋለሁ፣ ሀምዲን አልፌያታለሁ፣ ማርከስንም አልፌዋለሁ።»

«አላለፍሽኝም! እኩል ነን!» አለ ማርከስ።

«እሺ፣ ከማርከስ ጋር እኩል ነን። ኤሚሊን ግን አልደርስባትም። እሷ ባዝሩም ውስጥም ታነባለች።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «ሌላ ጥያቄ አለ፣ ዳዲ?»

ጌታሁን እስካሁን እጁን አላወረደም ነበር። አወረደውና «ኖ፣ ቲቸር» አለ።

ልጆቹ ምሳ ሲወርዱ ኮሪደር ላይ፣ የልጆቹ ቦርሳ የሚሰቀልበት ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«መጨረሻ ነበረች እንዴ?»

«መጨረሻ ነበረች።»

«ከዚያ ተነስታ ነው?»

«ከዚያ ተነስታ ነው። አፏን እንኳ አትከፍትም ነበር፣ ጌታሁን።»

«እና ይሄ ነገር ካርዱ ላይ የቱ ጋ ነው ያለው?»

«የለም» አልኩት። ምን ልበለው? እውነት የለም። ሁለት፣ ሁለት፣ በመጨረሻ ሦስት። ከየት ተነስታ ሦስት እንደደረሰች የሚናገር ቦታ የለውም።

ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ ሰው ፊት ነው ያፈርኩት። ሁለተኛ ናት ብዬ አውርቼ ሳቁብኝ። ያፈርኩት በራሴ ነው፣ ትኬቱን የቆረጥኩት ግን በእሷ ስም ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር አፉን ሞልቶ የሚናገር ወንድ ብዙ አላጋጠመኝም። እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ። ትኬቱን ይሰርዘዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን አልሰረዘውም፤ እናቱ አርጅታለች፣ ልጅቷን አይታት አታውቅም፣ እህቱም ዩኒፎርሙን ሳይቀር አሰፍታ ትጠብቃለች። «መመለሻ እጨምርበታለሁ። ለእረፍት ብቻ ትሄዳለች» አለኝ።

ለእረፍት ብቻ። ይህችን ቃል ደግሞ አውቃታለሁ። ልጅን አያቷ እንዳታያት የሚከለክል አስተማሪ የለም። አያት ደግሞ አንዴ ካቀፈች በኋላ ምን እንደምትል ይታወቃል። «ትንሽ ትቆይልኝ» ነው የምትለው። ትንሽ ደግሞ ዓመት ይሆናል።

የመጨረሻው ቀን መጣ። የጺም መላጫ አረፋ ዴስኮቹ ላይ ረጭቼ ልጆቹ በእጃቸው እያሹ አጸዱት። ግማሹ አረፋ ፀጉራቸው ላይ ቀረ። እያንዳንዱ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን አወረደ። ማርከስ ወንበር ገለበጠ፣ እርሳስ አስቀረጽኩት። ሲደወል አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋቸው። ሶልያና እጄን አልለቀቀችም። እሷ ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ።

«አዲስ አበባ ያየሁትን ሁሉ ስመለስ እነግርሻለሁ» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

መደበቅ አልሆነልኝም። «አንቺ ትመለሻለሽ፣ የኔ እናት። እኔ ነኝ የማልመለሰው። አርጅቻለሁ፣ ሥራ ጨረስኩ።»

ቆመች። አውቶቡሱ ጡሩምባውን አሰማ። ከዚያ በአማርኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ከአፏ ሰምቼው በማላውቀው አማርኛ፣ «ታዲያ ለማን ነው የምነግረው?» አለችኝ።

ግንባሯን ሳምኳት፣ ወጣች፣ በሩ ተዘጋ።

ያ ክረምት ረዘመብኝ። አትክልት ተከልኩ፣ ጥንቸል በላው። ጌታሁንን ቤተ ክርስቲያን ሳገኘው «እንዴት ናት?» እለዋለሁ፣ «አያቷ አልለቅም ብላለች» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ውስጥ ቀልድ ይኑር እውነት መለየት አቅቶኝ ቤቴ እገባለሁ። ጁላይ አልቆ ኦገስት ሲጋመስ መጠየቅ ተውኩ። የምሰማውን ፈራሁ።

ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ሰውነቴ በለመደው ሰዓት ነቃ። ዝም ብዬ ለመተኛት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ልብሴን ለብሼ መኪናዬን አስነሳሁና ከትምህርት ቤቱ ማዶ አቁሜ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። ወርጄ ልግባ አላልኩም፣ ክፍሉ አሁን የሌላ ሰው ነው። አውቶቡሶቹ መጡ፣ ልጆቹ ተራገፉ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች በሩ አጠገብ ተሰለፉ። ኤሚሊን አየሁ፣ ቆማ ታነባለች። ማርከስን አየሁ፣ ሁለት አዲስ ጥርስ አብቅሏል። ቀጥሎ ሀምዲን አየሁ፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣ አንድ ነገር እያዳመጠች ነው።

ዞር ስትል ከፊቷ ሶልያና ነበረች። ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርታ፣ በሁለት እጇ አንድ በጣም ትልቅ ነገር እያሳየች፣ ሳትተነፍስ ታወራለች። ሀምዲ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ኤሚሊ ሳትቀር መጽሐፏን ዝቅ አደረገች። አዲሷ አስተማሪ፣ ወጣት ናት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በሉ አለች። ሰልፉ በሙሉ ዝም አለ።

ሶልያና ዝም አላለችም። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር።